ለብቻዋ የተሰጣት ጋዋን

ሺዙዮ ኢሶቤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነጭ ጋዋን ስትረግም ኖራለች። ጋዋኑ የልጅ ነው። ተማሪዎች ተራ ገብተው ለክፍል ጓደኞቻቸው ምሳ ሲያድሉ የሚለብሱት፣ ከኋላ በማሰሪያ የሚቋጠር፣ ከነቆቡ። አርብ አርብ ተረኛው ልጅ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ እናት ታጥባ ተኩሳ ሰኞ ትልከዋለች፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ልጅ ይተላለፋል። ኡራሃማ ወደብ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያንን ጋዋን ለብሷል። ሺዙዮም ራሷ ለብሳዋለች፤ ትምህርቱን ቶሎ ትታ ዓሣ ፋብሪካ ከመግባቷ በፊት።

ያን ዓመት ልጇ ማሆ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ተራው ሲደርሳቸው ሺዙዮ ጋዋኑን ከፋብሪካ ልብሷ ጋር እንዳይነካካ ብላ ማሽን ውስጥ እንኳ አልከተተችውም። በእጇ አሸችው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣችው፣ እጥፋቱ እንደ ወረቀት እስኪቆም ድረስ ተኮሰችው። ሰኞ ማሆ ይዛው ሄደች። በሳምንቱ አጋማሽ የክፍሉ ኃላፊ፣ መምህር ሙራሴ፣ ስልክ ደወለ።

«ወይዘሮ ኢሶቤ፣ ትንሽ ነገር ነው፣ አይጨነቁ። ከማሆ ቀጥሎ ጋዋኑ የደረሳት ልጅ ቤተሰቦች ትንሽ ቅር ብሏቸዋል። ሽታ አለው ነው የሚሉት።»

«የምን ሽታ?»

ሙራሴ ዓሣ የሚለውን ቃል ሊጠራው አልፈለገም። እሷም ገባት።

ኡራሃማ ውስጥ ስምሽ በክፉ ከተነሳ መጀመሪያ ታጎነብሻለሽ፣ ምን እንዳጠፋሽ የምትሰሚው በኋላ ነው። ሺዙዮም እንደ ሰው ሁሉ አደረገች። ከፋብሪካ እንደወጣች ገላዋን ፍግፍግ አድርጋ ታጠበች፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የባቄላ ጣፋጭ በካርቶን አስጠቀለለች፣ ማሆን አስከትላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። የመምህራኑ ክፍል በር ላይ ቆማ «ልጄ አስቸግራችኋለች፣ ይቅርታ አድርጉልን» ብላ ወገቧን አጠፈች። ማሆ አጠገቧ እንደ እንጨት ቆማ ቀረች። ሺዙዮ ቀና ሳትል እጇን ሰድዳ የልጇን ማጅራት ያዘችና ወደ ታች ጫን አደረገችው። እናት ሁሉ የምታደርገው ነው፤ እናቷም እሷን እንዲሁ አድርጋታለች። ማሆ ከእጇ ሥር ሆና «እኔ ምን አደረግሁ?» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ዝም በይ» አለቻት ሺዙዮ።

ሙራሴ ጣፋጩን በሁለት እጁ ተቀበለ። ደስ ያለው ይመስል ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ለማሆ አዲስ ጋዋን ይዞላት መጣ። ሌሎቹ ጋዋኖች ቁጥር አላቸው፤ የማሆ ግን ቁጥር የለውም፣ ደረቱ ላይ በቀይ ክር ስሟ ተጠልፏል። ወደ ማንም አይተላለፍም፣ ማንም አይቸገርም። ሙራሴ በክፍሉ ፊት ራሱ አለበሳት፣ ማሰሪያውንም ራሱ ቋጠረላት።

የዚያን ቀን ማሆ ሾርባ አዳይ ነበረች። ጭልፋዋን ይዛ ድስቷ ፊት ቆመች። ልጆቹ ሳህናቸውን እንደያዙ እያለፏት ወደ ሌላኛው ድስት ሄዱ። በማግስቱም እንዲሁ። ሙራሴ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። ሾርባውንም ከሌላኛው ድስት ነው የቀዳው።

ማሆ ይህን ለእናቷ በአንድ ቀን አልነገረቻትም። ከትምህርት ቤት ከቀረች በኋላ ነው፣ በተዘጋ በር ውስጥ ሆና፣ ዛሬ አንድ ቃል፣ ከወር በኋላ ሌላ ቃል እየጣለች የነገረቻት።

ሺዙዮ ነገሩ ሲገባት ወደ ትምህርት ቤት በረረች። አሁን ጣፋጭ አልያዘችም።

«መምህር፣ ልጄን ከሰው ለይታችኋታል።»

«መለየት አይባልም፣ ወይዘሮ ኢሶቤ። ለእሷ ማሰብ ነው።»

«ሾርባዋን ማንም አልተቀበላትም! እርስዎም ጭምር!»

«ልጆች እኮ ናቸው። ደግሞም…» ሙራሴ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ላሳፍርዎ አልፈልግም እንደሚል ሰው። «እርስዎ ራስዎ መጥተው ይቅርታ ጠይቀዋል። ልጅቷም አብራ አጎንብሳለች። ሽታ ባይኖር ኖሮ ይቅርታው ምን አመጣው?»

ለሺዙዮ መልሱ የመጣላት ቤቷ ገብታ ሳህን ስታጥብ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚሰማት የለም። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን ሌላ ነበር። ጋዋኑ ሸትቶ ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትሰነጥቅ የኖረች ሴት አፍንጫ ምን ያውቃል? አንድ ቀን የማሆን ሸሚዝ ፋብሪካ ይዛ ሄዳ ከጎኗ ለምትሠራው ለቶሚኤ ሰጠቻት።

«እስቲ አሽትቺልኝ።»

«እኔ?» ቶሚኤ ሳቀች። «ሞኝ! የእኔ አፍንጫ ካንቺ በምን ይሻላል? የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ሚስት ጠይቂያት እንጂ። ከማሆ ቀጥሎ ጋዋኑ የደረሳት የሷ ልጅ አይደለች!»

ከዚያ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስታራቂ ላከ። አስታራቂው ጡረታ የወጡ ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሙራሴን በልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሻይ ቀረበ፣ ስብሰባው ተጀመረ፣ ሻዩ በረደ።

«እንደሚመስለኝ» አሉ ሽማግሌው «ሁለታችሁም ቅን ሰዎች ናችሁ። የተፈጠረው የመግባባት ጉድለት ነው።»

«ጉድለት አይደለም» አለች ሺዙዮ። «ሰው ያደረገው ነው። የሚያውቅ ሰው ነው ያደረገው።»

«ለልጅቷ ሲባል ያለፈውን ብንተወው ምን ይመስልዎታል?»

«ለልጅቷ ከሆነ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ቤቴ መጥታችሁ በሯ ላይ ቁሙና ‹ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እኛ ነን ያጠፋነው› በሏት። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

ሽማግሌው ሙራሴን አዩት። ሙራሴ ጠረጴዛውን አየ።

«ቅር መሰኘትዎ በጣም ያሳዝነናል» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። ሁለቱም ወንዶች ብድግ ብለው እጅ ነሱ። ስብሰባው በዚህ አለቀ።

ዳይሬክተር በየሦስት ዓመቱ ይቀየራል። አዲስ በመጣ ቁጥር ጸደይ ላይ ጣፋጭ አስጠቅልሎ የሺዙዮን በር ያንኳኳል፣ ጫማ ማውለቂያው ላይ ቆሞ «በእኔ ጊዜ የሆነ አይደለም፣ ግን እጅግ አዝናለሁ» ብሎ ይሄዳል። አንደኛው የማሆን የምስክር ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ክፍል ሳትገባ አስመረቋት! ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ወረቀቱን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚሰማው ይመስል ወደ ደረጃው አንጋጦ በትልቅ ድምፅ አነበበላት። ከላይ የተሰማው የሻወር ውኃ ብቻ ነበር።

ማሆ ከክፍሏ ጋር በተያያዘው ሻወር ቀኑን ሙሉ ትታጠባለች። ጠዋት ትታጠባለች፣ እናቷ ወደ ሥራ ስትወጣ ትታጠባለች፣ ስትመለስ ሰምታ እንደገና ትታጠባለች። ሃያ አራት ዓመት ሆኗታል፣ እጆቿ የአሮጊት እጅ መስለዋል። ሺዙዮ ምግቧን በትሪ በሯ ላይ ታስቀምጣለች፣ ባዶውን ታነሳለች። «ልጄ፣ አትሸቺም» ያላለችበት ቀን የለም። ግን የዓሣ ፋብሪካ ሴት አትሸቺም ብትል ማን ያምናታል? ለዚያ ነበር አንድ ሰው፣ እዚያ ከነበሩት አንዱ፣ እንዲነግርላት የፈለገችው።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው ተባለ። ልጅ የለም፣ የቀሩት ጥቂቶች ማዶ ካለው ከተማ ትምህርት ቤት ጋር ይቀላቀላሉ። የመጨረሻው ዳይሬክተር ታዶኮሮ ይባላሉ። እሳቸውም እንደ ወጉ ጣፋጭ ይዘው መጡ፤ ግን እንደ ሌሎቹ ሳይቆሙ ቁጭ አሉ። ሺዙዮ የምትለውን ሁሉ ሰሟት። ስትጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሙራሴ አሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ለመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ይመጣል። ከዚያ በፊት ክፍሌ ውስጥ ላገናኛችሁ። እነግረዋለሁ፣ ያደረገውን በስሙ ጠርቶ ይቅርታ እንዲጠይቅ። ከዚያም ከፈለጉ እዚህ ድረስ ይዤልዎ እመጣለሁ።»

ሺዙዮ ከስንት ዓመት በኋላ ሰውነቷ ላላ አለ። ሰውየው የሚቀልድ አይመስልም። ደግሞም ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ይህን የሚናገር ሰውም፣ የሚናገርበት ቦታም አይኖርም። ያን ቀን ደረጃውን ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማሆ፣ ሙራሴ ሊናገር ነው። ‹ጥፋቱ የኛ ነው› ሊል ነው።»

ሺዙዮ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች።

«ዳይሬክተሩ ቃል ገብተውልኛል። እዚህ ድረስ ነው የሚያመጡት። ከፈለግሽ በሩን ሳትከፍቺ መስማት ትችያለሽ።»

«ታጎነብሻለሽ» አለች ማሆ ከውስጥ።

«ምን?»

«እሱ ሲያጎነብስ ታጎነብሻለሽ። አውቅሻለሁ።»

«አላጎነብስም!»

«እሺ።» ከዚያ ውኃው ተከፈተ።

የመዝጊያው ቀን ሺዙዮ ጥቁር ልብሷን ለበሰች። ያንን ባለ ቀይ ክር ጋዋን ከመሳቢያ አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለችው። ሙራሴ አላስታውስም ቢል ፊቱ ላይ ልትዘረጋለት ነው። የትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጫማዋን አወለቀች፣ የእንግዳ ነጠላ ጫማ አጠለቀች፣ ወደ ዳይሬክተሩ ክፍል ገባች።

ሙራሴ ወፍሯል፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ታዶኮሮ ሻይ ራሳቸው ቀዱ።

«ወይዘሮ ኢሶቤ፣ ረጅም ጊዜ አሳስበናችኋል» አለ ሙራሴ።

«በምን?» አለች ሺዙዮ።

«ምን አሉኝ?»

«በምን እንዳሳሰባችሁን ይናገሩ። በስሙ ይጥሩት።»

ሙራሴ ወደ ታዶኮሮ ዞረ። ታዶኮሮ «መምህር፣ እንደተነጋገርነው» አሉ ቀስ ብለው።

«በሁሉም ነገር» አለ ሙራሴ።

«ሁሉም ነገር የሚባል ነገር የለም። ጋዋን አለ። ሾርባ አለ። ማሆ የምትባል ልጅ አለች። ከየትኛው ድስት ነበር የቀዱት?»

«ወይዘሮ፣ እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ለልጅቷ የሚበጀውን ነው ያሰብኩት…»

«ከየትኛው ድስት?»

የሙራሴ ፊት ቀላ። ታዶኮሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሺዙዮ ጥቅሉን መፍታት ጀመረች፤ ጨርቁ አልላላ ብሎ እያታገላት ሳለ ሙራሴ ከወንበሩ ተነሳ። ሁለት እጁን በጎኑ አድርጎ፣ ግንባሩ ጠረጴዛው ሊደርስ እስኪል፣ እጥፍ አለ።

«በጣም ይቅርታ!» አለ ወደ ምንጣፉ።

እንግዲህ የሰው ወገብ የራሱ ልማድ አለው። ማንም ባለሥልጣን በፊቷ እንዲህ ጎንበስ ብሎላት አያውቅም። ሺዙዮ ሳታስበው ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ ጥቅሉን ደረቷ ላይ እንደያዘች፣ እሷም እጥፍ አለች። ምንጣፉን ስታይ ነው ምን እንዳደረገች ያወቀችው። ቀና ስትል ሙራሴ ቀድሟት ቀና ብሎ ፈገግ እያለ ነበር።

«ስለተረዱን ከልብ እናመሰግናለን» አለ። «ዛሬ ቀለል ብሎኝ ወደ አዳራሹ እገባለሁ።»

«አልተረዳሁም!» አለች ሺዙዮ። «ገና አልተናገሩም እኮ! ቤቴ ይመጣሉ ተብሏል!»

«እንግዲህ ሁላችንም ተነጋግረናል፣ እርስዎም…» ሙራሴ የማጎንበስ ምልክት በእጁ አሳየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ወጣ። ታዶኮሮ ብቻ ቀሩ።

«ዳይሬክተር፣ ይጥሩልኝ።»

«ወይዘሮ ኢሶቤ» አሉ ታዶኮሮ፣ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም፣ «ይቅርታ ጠየቀ፣ እርስዎም ተቀበሉ። አሁን ይህን ይዤ እንዴት አድርጌ ላስገድደው?»

ሺዙዮ ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቆመች። ከአዳራሹ የወንበር መጎተት ይሰማል። ጨርቁ አሁን ነው የተፈታላት። ጋዋኑን ዘረጋችው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ልብስ ነው፤ ቢሆንም ከጥቁር ልብሷ በላይ አጠለቀችው። ትከሻዋ ላይ ተወጠረ፣ እጅጌው ክንዷ አጋማሽ ላይ ቀረ። እጇን ወደ ኋላ አዙራ ማሰሪያውን እንዳይፈታ አድርጋ ቋጠረችው፣ ደጋግማ። ቆቡንም ደፋች።

አዳራሹ በጥቁር ልብስ ተሞልቷል። የከተማው ሰው የቀረ የለም። ገና ከመግባቷ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱላት።

«እትዬ፣ ሻይ በዚህ በኩል አልደረሰም!»

«የወጥ ቤት አይደለሁም» አለች።

ኋለኛው ረድፍ ላይ ቶሚኤ አይታት እጇን ጎተተች።

«አንቺ! ምንድነው የለበስሽው? አበድሽ?»

«የማሆ ነው።»

«እሱማ አየሁት፣ ስሟ አለበት። አውልቂው በሞቴ፣ ሰው ያይሻል!»

«ይየኛ።»

«ትንሽ ልጅ መስለሻል። ትልቅ፣ አስቀያሚ ልጅ።» ቶሚኤ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። እጇን ሳትለቅ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

ንግግሮች ተደረጉ። ሙራሴም ተናገረ፤ ይህ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ያስብ እንደነበር። ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ አንዳንድ ሴቶች መሐረብ አወጡ። የትምህርት ቤቱ መዝሙር ተዘመረ። ከዚያ መድረክ መሪው «ሁላችሁም ተነሱ» አለ። «ላሳደገን ትምህርት ቤት የመጨረሻ ምስጋናችንን እናቅርብ። እጅ ንሱ!»

አዳራሹ ሙሉ አጎነበሰ። ሺዙዮ አላጎነበሰችም።

ወገቧ ሊታጠፍ ሞክሮ ነበር። የፊተኛውን ወንበር ጀርባ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እንደ ምሰሶ ቆመች። ይህን ያህል ከባድ ነገር ተሸክማ አታውቅም፤ የበረዶ ሳጥን ስትሸከም የኖረች ሴት ናት። ከፊቷ ማጅራት ብቻ ነበር የሚታየው፣ ሽበት ያለው፣ መላጣ፣ ፀጉሩ የተጠቀለለ። የመድኃኒት ቤቱ ሴትዮ ማጅራት። የቶሚኤ ማጅራት። መድረክ ላይ ታዶኮሮ፣ ከጎናቸው ሙራሴ፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ያጎነበሰው እሱ ነው። ሺዙዮ ቀና ብላ ቆማ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ ብቻዋን ትታይ ነበር፤ የሚያያት ቢኖር።

ግን ሁሉም ወለሉን እያየ ነበር። መሪው «ቀና በሉ» ሲል ሰው ሁሉ ቀና አለ፣ አሁን ሁሉም ቆሟል፣ እሷም ቆማለች። ልዩነት የለውም። ሙራሴ ዓይኑን በአዳራሹ ላይ አዞረ፣ ነጩ ጋዋን ላይ ሲደርስ ለወጥ ቤት ሠራተኞች እንደሚደረገው ለምስጋና ራሱን ነቅነቅ አደረገ፣ አለፈ።

ሺዙዮ ጋዋኑን ሳታወልቅ በወደቡ መንገድ ወደ ቤቷ ሄደች። ደረጃውን ወጣች። የጠዋቱ ትሪ ባዶውን በሩ ላይ ተቀምጧል።

«ማሆ።»

ውስጥ ኮሽታ ተሰማ።

«አይመጣም። አልተናገረም።» ሺዙዮ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ክፍሉ ውስጥ አጎነበስኩ። እንዳልሽው። በኋላ ግን አዳራሹ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ሲያጎነብስ፣ እኔ አላጎነበስኩም።»



«ማን አየሽ?» አለች ማሆ።

«ማንም። ሁሉም አጎንብሶ ነበር።»

ሺዙዮ ጋዋኑን ልታወልቅ እጇን ወደ ኋላ ላከች። ቋጠሮው ጠብቋል፣ ጣቶቿ አይደርሱበትም፣ ልብሱም ትከሻዋን ስለያዘው ክንዷ አይዞርላትም። ትንሽ ታገለችና ተወችው።

«ጋዋንሽን ለብሼዋለሁ» አለች ወደ በሩ። «ማሰሪያው እምቢ አለኝ። ፍቺልኝ።»

ሻወሩ ተከፈተ።

ሺዙዮ ትሪውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። በሩ ቢከፈት ቋጠሮው ለእጅ እንዲመች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ቀጥ ብላ።